ማን ብለን ስንጽፍ የሚመልስልን ሰው

ስልካችሁ ላይ ተርመክስ የሚባለውን አፕ የጫናችሁ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ወልቂጤ ሁኑ ቡታጅራ፣ ዶርም ውስጥ ሁኑ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ታሪኩ ያው ነው። ጥቁር ስክሪን ይከፈታል። አንድ ፓኬጅ እንዲጫን ታዛላችሁ። ዳታችሁ እየሳሳ ፋይሉ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይጫናል። መጨረሻ ላይ አንዳንዴ አንድ መልእክት ብቅ ይላል፤ ፕሮግራሙ እንዲሠራ ይህን ፋይል አስተካክሉ፣ ይህን ትእዛዝ ጻፉ፣ ይህን ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ የሚል።

መልእክቱን የጻፈው ሰው ግን ፊቱ የነበረው ሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ነው። እያንዳንዱን መስመር በእጁ ቆርጦታል። እናንተ ጠባብ ስልክ ላይ ስታዩት መስመሩ ያልታሰበበት ቦታ ይሰበራል። አንዱ መስመር ሙሉ ይሆናል፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሦስተኛው እንደገና ይሞላል። ኮፒ ልታደርጉት የነበረው ትእዛዝ ለሁለት ተከፍሎ የቱ መጀመሪያ የቱ መጨረሻ እንደሆነ ይጠፋል። ፕሮግራሙ እንከን የለውም፤ እናንተም አልሰነፋችሁም። የተበላሸው የጽሑፉ አቀማመጥ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ሥራው ቆመ።

ግራ ሲገባን የምንጽፋት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። በእንግሊዝኛ መመሪያ ከሚለው ቃል የተቆረጠች ባለ ሦስት ፊደል ናት። በኛ ጆሮ ስትነበብ ግን ማን? ብላ የምትጠይቅ ትመስላለች። ከጎኗ የፕሮግራሙን ስም ስንጽፍ ንጹሕ ሆኖ የተደረደረ መመሪያ ይመጣል። ርእሱ ከዳር፣ ማብራሪያው ትንሽ ገባ ብሎ፣ መስመሩም በስክሪናችን ስፋት ልክ ተሞልቶ።

እንግዲህ ጥያቄውን በአማርኛ እንውሰደውና፣ ይህን ሥርዓት ያበጀው ማን ነው? ሥራው የብዙ ሰው ነው፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚወጣው ግን በሙያው ታሪክ ስሙ የታወቀ፣ ከሙያው ውጪ ግን እምብዛም የማይነሳ አንድ ኢንጂነር ነው። ጆሴፍ ኦሳና ይባላል፤ ባልደረቦቹ ጆ ይሉት ነበር። ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው።

ከዲትሮይት እስከ ኒው ጀርሲ

ኦሳና የተወለደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1928 በአሜሪካዋ የመኪና ከተማ ዲትሮይት ነው። በዚያው ዓመት አይቢኤም የተባለው ኩባንያ 80 ዓምድ ያለው ቀዳዳ ካርድ ለገበያ አቀረበ። መረጃ በካርድ ላይ በቀዳዳ የሚመዘገብበት ዘመን ነበር፤ አንድ ካርድ 80 ፊደል ይይዛል። ያ ቁጥር ከካርዱ ወደ ስክሪን ተላለፈና ዛሬም ድረስ አልለቀቀንም። ብዙ ፕሮግራመር መስመሩን 80 ፊደል ላይ የሚቆርጠው ከዚያ ካርድ በወረሰው ልማድ ነው። በስልክ ስክሪን ላይ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ፣ ፊደሉ በሚነበብ መጠን ከሆነ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚገባው። ሕፃኑና ካርዱ በአንድ ዓመት መወለዳቸው እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነው። ሰውየው ግን ኋላ ላይ ከመስመር ርዝመት ጋር ዕድሜውን ሲታገል ኖሯል።

በዚያው በተወለደባት ከተማ በሚገኘው ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረና በ1952 ተመረቀ። ከዚያ ኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል ወደሚገኘው ቤል ላብስ ገባ። ቤል ላብስ ያን ጊዜ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ነበር፤ ትራንዚስተር የተፈለሰፈው እዚያ ነው። ኦሳና መጀመሪያ ላይ ከጽሑፍ ጋር ምንም የሚያገናኘው ሥራ አልነበረውም። ጫጫታቸው አነስተኛ የሆነ የማጉያ ሰርኪዩቶችን ይነድፍ ነበር። አንቴና ሳተላይትን ለማግኘት ወዴት መዞር እንዳለበት የሚተነብይ ስሌት ላይ ሠርቷል። ተንቀሳቃሽ የሬዲዮ ግንኙነት ለምን እየደከመና እየጠነከረ እንደሚሄድም አጥንቷል። ዛሬ መኪና ውስጥ ሆነን ኔትወርክ መጣ ሄደ የምንለው ዓይነት ነገር ማለት ነው። የመሪ ሂል የኮምፒውተር ማዕከል ሥራም ላይ ተሳትፏል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ቤል ላብስ፣ ኤምአይቲና ጄኔራል ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሆነው መልቲክስ የተባለ ግዙፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት ተነሱ። ሐሳቡ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር እንዲጠቀም ማድረግ ነበር። ኦሳና የመረጃ ማስገቢያና ማስወጫውን ክፍል ከሚነድፉት አንዱ ሆነ። በ1965 ስለ መልቲክስ ለጉባኤ ከቀረቡት ጽሑፎች አንዱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። ሥራው ግን ዘገየ፣ ወጪው ናረ፤ በ1969 ቤል ላብስ እጁን አወጣ።

እነዚያ መልቲክስ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከመካከላቸው ኬን ቶምሰን ፒዲፒ-7 የተባለች ሰው የማይፈልጋት አነስተኛ ኮምፒውተር አግኝቶ በራሱ መንገድ አዲስ ሥርዓት መሥራት ጀመረ። ዴኒስ ሪቺ፣ ራድ ካናዴይና ጆ ኦሳናም አብረውት ነበሩ። ኋላ ዩኒክስ የተባለውና ዛሬ በአንድሮይዱም በአይፎኑም ውስጥ ሐሳቡ የሚኖረው ሥርዓት የተጀመረው እንዲህ ነው።

የ65 ሺህ ዶላሩ ማመልከቻ

ቡድኑ የተሻለ ኮምፒውተር ፈለገ። አለቆቹ ግን ከመልቲክስ ኪሳራ በኋላ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት እንሥራ የሚል ጥያቄ መስማት አልፈለጉም። ደጋግመው ጠየቁ፤ ደጋግመው ተከለከሉ።

በ1970 መጀመሪያ ላይ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። በዚህ በኩል በብርቱ ከገፉት ሰዎች አንዱ ኦሳና ነበር። አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚለው ቀረና፣ ጽሑፍ የሚያርምና የሚያሰናዳ መሣሪያ እንሥራ የሚል ሆነ። የሚገዛው ፒዲፒ-11 የተባለ ኮምፒውተር፣ ዋጋው ወደ 65 ሺህ ዶላር። ይህ አለቆች የሚገባቸው ነገር ነው። መሥሪያ ቤት ሁሉ ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ሰነድ ያወጣል። ገንዘቡ ተፈቀደ።

ተንኮል ነበር የሚሉ አሉ፤ ግን ቃል የተገባው ነገር በትክክል ተፈጽሟል። ኮምፒውተሩ በ1970 በጋ መጣ። ዲስኩ ግን እስከ ታኅሣሥ ዘገየ። እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ለወራት የቼዝ ፈረስ ሰሌዳውን ሁሉ ረግጦ የሚመለስባቸውን መንገዶች ሲቆጥር ቆየ። ዲስኩ ሲመጣ ግማሽ ሜጋባይት የሚይዝ ነበር። ጠቅላላው ሜሞሪ 24 ኪሎባይት፤ ከዚያ ውስጥ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የተረፈው 8 ኪሎባይት ብቻ። ዛሬ በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ያን ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ይሞላዋል።

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የራሱ የቤል ላብስ የፓተንት ክፍል ሠራተኞች ነበሩ። የፈጠራ ማመልከቻ ረጅም ነው፤ ይታረማል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መስመሮቹ በቁጥር እንዲመጡለት ይፈልጋል። ክፍሉ ሌላ ኩባንያ የሚሸጠውን መሣሪያ ሊገዛ እያሰበ ነበር፤ ያ መሣሪያ ግን መስመር መቁጠር አይችልም። የዩኒክስ ልጆች የራሳቸውን ፕሮግራም በፍጥነት መስመር እንዲቆጥር አደረጉት። የሒሳብ ምልክት የሚያትም የቴሌታይፕ ማሽንም አገናኙለት። ከ1971 አጋማሽ በኋላ ሦስት ታይፒስቶች በዚያች ትንሽ ማሽን ላይ ማመልከቻ ሲጽፉና ሲያርሙ ይውሉ ነበር። ዩኒክስ የመጀመሪያ እንጀራውን የበላው ጽሑፍ በማሰናዳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዓመት ኅዳር 3 ቀን የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ወጣ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ ማብራሪያው፣ የሚጠቀምባቸው ፋይሎችና የታወቁ ስሕተቶቹ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተቀመጡ። የራስን ስሕተት በመመሪያ ላይ መጻፍ የዚያን ጊዜም የዛሬም ድፍረት ነው። ማን ብለን ስንጽፍ የሚመጣው ገጽ አሁንም ያንን መልክ ይዟል።

ጀፎረ እና ነጥብ

ጽሑፍ ማሰናጃ ፕሮግራም ከኦሳና በፊትም ነበር። ጄሮም ሳልትዘር የተባለ የኤምአይቲ ሰው በ1964 ራንኦፍ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። እሱ በሰው በሰው እየተሻሻለ ቤል ላብስ ሲደርስ ሮፍ ተባለ። ኦሳና የሮፍ ጉድለት ታየው። ሮፍ ገጹ ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ወስኗል፤ ከተወሰነው ውጪ የሆነ መልክ የሚፈልግ ሰው መውጫ የለውም። ስለዚህ ከ1972 ገደማ ጀምሮ አዲሱ ሮፍ የሚል ትርጉም ያለው ኤንሮፍ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ።

ሐሳቡን ለጉራጌ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። ጀፎረን አስቡ። በመንደሩ መካከል የሚያልፈው ሣር የለበሰው ሰፊ መንገድ፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው የሚቆሙበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም መስቀሉም የሚካሄድበት። ማንም በጓሮው እንደፈለገ እንሰቱን ይተክላል፣ ቤቱን በአቅሙ ይሠራል። አጥሩን ግን ወደ ጀፎረው አይገፋም። የመንገዱ ስፋት የጋራ ሕግ ነው፤ ባለቤቱ ሲለወጥም ሕጉ አይለወጥም።

ኦሳና ለጽሑፍ ያደረገው እንደዚያ ነው። ጸሐፊው ሐሳቡን ይጽፋል፤ መስመሩ የት እንደሚያልቅ አይጨነቅም። የህዳጉ ስፋት፣ የመስመሩ ርዝመት፣ የአንቀጹ ክፍተት ለብቻው በሕግ ይነገራል። ሕጉ የሚጻፈው በመስመር መጀመሪያ ላይ በምትቀመጥ አንዲት ነጥብና ሁለት ፊደል ነው። በነጥብ የጀመረ መስመር አይታተምም፤ ለማሽኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። አንዷ መስመር ስበር ትላለች፣ አንዷ ቦታ ተው፣ ሌላዋ መሐል አስቀምጥ፣ ሌላዋ ገባ አድርግ።

ከሁሉም የምትበልጠው ግን አንዲት ጥንድ ትእዛዝ ናት። አንደኛዋ ጽሑፉን ሙላ ትላለች፤ ማሽኑ ቃላቱን እየለቀመ መስመሩን እስከ ዳር ይሞላል። ሁለተኛዋ አትሙላ፣ እንደተጻፈ ተወው ትላለች። የፕሮግራም ኮድ፣ ሠንጠረዥ፣ ተጠቃሚው ኮፒ የሚያደርገው ትእዛዝ በዚህኛው ሥር ይገባል። ተራ ጽሑፍ ይሞላል፣ ኮድ አይነካም። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው የተሰባበረ መልእክት ችግሩ ይሄንን ልዩነት አለማወቁ ነው።

ኤንሮፍ በዚህ አላበቃም። ተጠቃሚው ከትንንሾቹ ትእዛዞች የራሱን ትልቅ ትእዛዝ እንዲሠራ አስቻለ። ቁጥር ይይዛል፣ ሁኔታ እያየ ይወስናል፣ ገጹ ሊያልቅ ሲል ራሱ ያውቃል። ማሰናጃ ፕሮግራሙ ራሱን የቻለ የፕሮግራም ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። አስቸጋሪ ነው ብለው ያማረሩት ብዙ ናቸው፤ የሚፈልጉትን መልክ ግን ያገኙ ነበር።

ብርሃን የሚለቅመው ፊደል

በ1973 አካባቢ ክፍሉ ካት የተባለ በፎቶ የሚያትም ማሽን አገኘ። ያን ጊዜ እኛም አገር ማተሚያ ቤቶች ውስጥ ፊደል ለቃሚዎች የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እያነሱ ገጽ ይሠሩ ነበር። ካት ፊደል የሚለቅመው በብርሃን ነው። ፊደላቱ የተቀረጹበት የፊልም ጎማ ይሽከረከራል፤ የሚፈለገው ፊደል ፊት ለፊት ሲደርስ መብራት ብልጭ ይላል፣ ምስሉም በሌንስ አልፎ ወረቀት ላይ ያርፋል። ወረቀቱ እንደ ፎቶ በኬሚካል ይታጠባል። ጎማው አራት ዓይነት ፎንት ይይዛል፤ በእያንዳንዱ 102 ምልክት። በኛ ፊደል ቢሆን 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ ገና 231 ናቸው፤ አንዱ ፎንት አይበቃቸውም ነበር።

ካት የተሠራው ትእዛዙን ከወረቀት ጥቅል ላይ እንዲያነብ ነው። ኦሳና ከኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚነዳ ፕሮግራም ጻፈለት፤ ስሙ ቲሮፍ። ቲሮፍ የፊደል መጠን ያውቃል፣ የእያንዳንዱን ፊደል ስፋት ይለካል፣ ፎንት ይቀያይራል። ትልቁ ቁም ነገር ደግሞ ቲሮፍና ኤንሮፍ አንድ ዓይነት ፋይል ማንበባቸው ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈው መመሪያ በተራ ተርሚናል ላይም ይታያል፣ በመጽሐፍ ጥራትም ይታተማል። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አይደክምም። ዛሬ አንድ ድረ ገጽ በስልክም በላፕቶፕም ልኩን ሲያስተካክል እንገረማለን፤ ኦሳና ያንን ጥያቄ ከ50 ዓመት በፊት በ8 ኪሎባይት ዓለም ውስጥ ይዞት ነበር።

በቲሮፍ ላይ ሌሎች ገነቡ። ብራያን ከርኒሃንና ሎሪንዳ ቼሪ የሒሳብ ቀመር የሚያሳምር ፕሮግራም ጨመሩ፤ ማይክ ሌስክ ሠንጠረዥ የሚሠራ ጨመረ። ሳይንቲስቶች ጽሑፋቸውን ራሳቸው ማሰናዳት ጀመሩ። ከርኒሃንና ሪቺ የጻፉት፣ ፕሮግራሚንግ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው የሲ ቋንቋ መጽሐፍ የተሰናዳው በቲሮፍ ነው። መጽሐፉ በ1978 ሲወጣ ግን ኦሳና በሕይወት አልነበረም።

ሰባት ሺህ መስመር

ቲሮፍ መጀመሪያ የተጻፈው ለዚያ ማሽን ብቻ በሚሠራ አሴምብሊ ቋንቋ ነው። በ1975 አካባቢ ኦሳና ሁሉንም በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው፤ ወደ 7,000 መስመር። በ1976 የኤንሮፍና ቲሮፍን የተጠቃሚ መመሪያ አዘጋጀ። ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድም ትርፍ ቃል የሌለው፣ ለዓመታት የሙያው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የኖረ መመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሚያሳዝን ነገር አለ። ለዓለም ሰነድ ማሰናጃ የሰጠው ሰው የራሱን ኮድ ያለ ማብራሪያ ነው የተወው። ፕሮግራሙን እንዴት እንደምንጠቀምበት በደንብ ጽፏል፤ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከኮዱ በቀር የሚናገር አልነበረም። እሱ እስካለ ድረስ ችግር የለውም፤ ጥያቄ ያለው ቢሮው ሄዶ ይጠይቀዋል። ደግሞም ኮዱ ከካት ማሽን ጋር የተሳሰረ ነበር። ካት እያረጀ፣ አዳዲስ ማተሚያዎች እየመጡ ነው፤ ቲሮፍ መለወጥ ነበረበት።

ኦሳና ልቡን ታመመ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1977 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞሪስታውን በምትባል ከተማ አረፈ። 49 ዓመት ሊሞላው 12 ቀን ቀርቶት ነበር።

ሥራውን የተረከበው ብራያን ከርኒሃን ነው። ከርኒሃን በሙያው ከሚከበሩት አንዱ ነው፤ ለእሱም ቢሆን የሟች ጓደኛውን ኮድ መፍታት ቀላል አልነበረም። ከ1979 ጀምሮ ቲሮፍ ለየትኛውም ማተሚያ እንዲሠራ አድርጎ አስተካከለው። ዋናውን የኦሳናን አሠራር ግን ጠበቀው። ኋላ ጄምስ ክላርክ የተባለ ሰው ግሮፍ የተባለውን ነጻ ቅጂ ከባዶ ጻፈ። በብዙ ሊኑክስ ላይ ማን ስንል ከኋላ ሆኖ ገጹን የሚደረድርልን ግሮፍ ነው። ነጥቡም፣ ሁለቱ ፊደሎችም፣ ሙላና አትሙላም አሁንም እዚያው አሉ።

ከመሪ ሂል እስከ ጉብሬ

ነሐሴ 16 ቀን 1993 ኢያን መርዶክ የተባለ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት መጀመሩን አስታወቀ። ተርመክስ ፓኬጅ የሚጭንባቸው መሣሪያዎች ከዴቢያን የመጡ ናቸው። ዴቢያን ለፓኬጅ ማብራሪያ ያወጣው ሕግ አለ፤ ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው። መስመሩ በአንድ ክፍተት ከጀመረ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አንባቢው ስክሪን ልክ ይሞላ። በሁለት ክፍተት ከጀመረ እንደተጻፈ ይታይ፣ አይነካ። ከአንድ ክፍተት በኋላ ነጥብ ብቻ ከቆመ ባዶ መስመር ነው። ይሄው ነው። ሙላ፣ አትሙላ፣ ቦታ ተው። የጀፎረው ሕግ።

ጥፋቱ የሚመጣው ከዚህ ሕግ ውጪ ነው፤ ፓኬጁ ከተጫነ በኋላ ስክሪፕቱ በቀጥታ ስክሪን ላይ በሚጽፋቸው መልእክቶች። እዚያ የሚቆጣጠር የለም። አንዱ በ80 ይቆርጣል፣ አንዱ በሳጥን ያጥራል፣ አንዱ በቀለም ያጥለቀልቃል። እንዲህ ያለ ስክሪፕት የምትጽፉ ካላችሁ መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንቀጹን በእጃችሁ አትቁረጡት፤ የስክሪኑን ስፋት ጠይቁና ለማጠፊያ ፕሮግራም ስጡት። ተጠቃሚው ኮፒ የሚያደርገውን ትእዛዝ ለብቻው፣ ባልተቆረጠ መስመር አስቀምጡ። ሳጥን ተዉት። መልእክቱን በመጀመሪያ በስልክ ስክሪን ላይ አንብቡት።

የኛ ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። መልእክቱን በአማርኛ ወይም በጉራጌኛ እንጻፈው ብትሉስ?

እዚህ ላይ የኦሳና የድሮ ጓደኛ ተመልሶ ይመጣል። ኬን ቶምሰን በመስከረም 1992 ከሮብ ፓይክ ጋር እራት ሊበሉ ወጥተው፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል አመዘጋገብ ነደፈ። የዓለም ፊደላት ሁሉ በአንድ ሥርዓት እንዲቀመጡ ያስቻለ ዘዴ ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ በዚህ መንገድ ለመጓዝ በቃ። ከዚያ በፊት በአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ለሰባት ቤት ጉራጌ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት በ2005 ገቡ። በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ 28 ፊደላት ተጨመሩ።

በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት። በ2021 የገቡት የጉራጌኛ ፊደላት ደግሞ አራት አራት። መስመር የሚያጥፉ ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ፊደል የሚቆጥሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚቆጥሩት ባይት ነው። በ80 ላይ እጠፍ ስትሉት ክፍተት የሌለውን የአማርኛ ጽሑፍ 26 ፊደል ላይ 78 ያደርሳል፤ 27ኛውን ፊደል መሐሉ ላይ ይቆርጠዋል። ስክሪናችሁ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ዕንቁ ቅርጽ ትወጣለች። ቃል በክፍተት ሳይሆን በድሮው ሁለት ነጥብ ከለያችሁም ፕሮግራሙ መላውን አንቀጽ እንደ አንድ ረጅም ቃል ሊያየው ይችላል።

ይሄ ችግር አሜሪካ ላለው ፕሮግራመር አይታየውም፤ የሱ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነውና ቆጠራው ሁልጊዜ ይሳካለታል። የሚታየው ጉብሬ ባለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ ወይም ቡታጅራ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ በእናቱ ቋንቋ አንድ መስመር ሊያወጣ ለሞከረ ልጅ ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ መስቃን፣ ክስታኔ የሚናገር ሰው ቋንቋውን ስልኩ ላይ ሲጽፍ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየው፣ ወይም መሐሉ ላይ ከተቆረጠበት፣ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል። ሁለተኛ አይሞክርም። ቋንቋ ከቴክኖሎጂ የሚወጣው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ማንም ሳያባርረው።

ስለዚህ አንዱ ልጅ ተነስቶ የማጠፊያ ፕሮግራሙን ባይት ሳይሆን ፊደል እንዲቆጥር ቢያስተካክለው፣ ወይም ስሕተቱን ለፕሮግራሙ ባለቤቶች በትክክል ቢጽፍላቸው፣ የሠራው ሥራ ትንሽ አይደለም። እነዚህ ፕሮግራሞች ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ከወልቂጤ የተላከ እርማት ከሌላው ዓለም ከተላከው አያንስም። ኦሳናም ዩኒክስን ያቆመው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ እንዲሰለፍ በመድከሙ ነው እንጂ በሌላ ታምር አይደለም።

እርማቱን የሚሠራው ልጅ ግን ከኦሳና አንድ ነገር ይማርበት። ኮዱ ላይ ማብራሪያ ይጻፍ። ከርኒሃን በ7,000 መስመር መካከል ሲንከራተት ሊጠይቀው የሚችለው ሰው አልነበረም። ነገ የእናንተን ኮድ የሚከፍተው ሰው እናንተን ላያገኛችሁ ይችላል። ለምን እንደዚህ እንዳደረጋችሁ በአማርኛም ይሁን በጉራጌኛ ሁለት መስመር ጻፉለት።

ዛሬ ማታ ዳታ ካላችሁ ተርሚናላችሁን ክፈቱና ማን ብላችሁ የአንዱን ፕሮግራም መመሪያ አንብቡ። ስልካችሁን አጋድማችሁ እንደገና ጻፉት። መስመሮቹ አዲሱን ስፋት ለክተው እንደገና ሲሰለፉ ታያላችሁ። ያንን የመጀመሪያ ሥርዓት የሠራው ጆ ኦሳና ነው።

ቸር ሰንብቱ።